ዘይነባ በምን ቋንቋ ትቆጥራለች?

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

አራተኛ ክ/ጊዜ፣ አማርኛ፣ 4ኛ «ለ»። ስለ ንብ የሚያወራው ምንባብ። ዘይነባን አስነሳኋት። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። አራት ነጥብ ላይ አረፍ እያለች፣ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ጨረሰችው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ላበረታታት ጠጋ ስል መጽሐፏን አየሁት። የተገለጠው ሌላ ገጽ ነው። የበግ ሥዕል ያለበት።

ሰሌዳው ላይ «ንብ» ብዬ ጻፍኩና ምን ይላል አልኳት። ቃሉን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ እግሯን።

አሥር ዓመቷ ነው። አራተኛ ክፍል ናት። ፊደል አትለይም። ይህን ያወቅኩት ዛሬ ነው፣ ደብተሬ፤ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ፊቴ ተቀምጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9። በምሳ ሰዓት

ብቻዋን ጠራኋት። ማን አስጠናሽ? አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ጮክ ብላ ስታነብ ሰምታ ነው። ስንት ጊዜ? ሁለቴ።

ሁለቴ ሰምታ ሙሉ ገጽ። አሁን እኔ ሞከርኩት፤ አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ መጽሐፉን ከድኜ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላት ልጅ «ን» እና «ብ» እንዴት ያቅቷታል? በጣም ገርሞኛል። ከመናደዴ ይልቅ ይገርመኛል።

ለር/መ ነገርኳቸው። ጋሽ ታደሰ ከጎጃም መጥተው ቡታጅራ ያረጁ ሰው ናቸው። አልደነቃቸውም። እስከ ሦስተኛ ክፍል ሁሉም ያለ ፈተና ያልፋል፣ ሸክሙ አራተኛ ላይ ይወድቃል አሉ። ዘንድሮ ግን ወስነዋል። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ማንበብ የማይችሉት ስማቸው ተለይቶ ሁለተኛ ክፍል ይቀመጣሉ። ዝርዝሩን የማቀርበው እኔ ነኝ።

የሰባ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ፊደል እንዴት ይጀመራል ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እሱን ብናውቅማ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ሙክታር ቤት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አራት ኮምፒዩተር ያለው ኢንተርኔት ካፌ። በክረምት ኮርስ ኢሜይል መክፈት አሳይተውን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ማንበብ የማይችል ልጅ እንዴት ይረዳል። ስፍር ቁጥር የሌለው ነገር መጣ። አንዱ ገጽ እስኪከፈት ሙክታር ሻይ አዝዞ ጠጥቶ ጨረሰ።

በአማርኛም ፈለግኩ። የመጣው ገጽ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ነው፤ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ሙክታር ፎንቱ የለም ማለት ነው ብሎ ሌላ ማሽን ላይ ፈልጎ አወረደ፣ ጫነ። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን።

አንድ ጠቃሚ ነገር ይዤ ወጣሁ። ልጁን ብቻውን ታስቀምጫለሽ፣ ቀላል ቃላት የተጻፉበት ወረቀት ትሰጫለሽ፣ አንድ ደቂቃ ሰዓት ይዘሽ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ትቆጥሪያለሽ። በቃ። ፕሪንተሩ ቀለም ስለሌለው በእጄ ገለበጥኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ሦስት ቀን በእረፍትና በምሳ ሰዓት። ሰባ አንዱንም አስነበብኩ። አሥራ ዘጠኙ አንድ ቃል አላነበቡም።

መዝገቤን አወጣሁ። ለአሥራ ዘጠኙም ባለፈው ወር ፈተና ማርክ ሰጥቻለሁ። ለአንዳንዶቹ ጥሩ ማርክ። እንዴት? እውነት/ሐሰት ላይ ገምተው፣ አዛምድ ላይ ከጓደኛ አይተው፣ በአንድ ለአምስት ቡድን ውስጥ ከጎበዙ ጋር ተቆጥረው። ያልኩት ሁሉ ሲደገምልኝ የገባቸው መስሎኝ።

ዛሬ ማንንም ማናገር አላሰኘኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

ኮኔክሽን ደህና ነው። መምህራን የሚጠያየቁበት ገጽ አገኘሁ። ከየአገሩ ይጽፋሉ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ ዘይነባ ጻፍኩ፤ ምንባቡን፣ የበጉን ገጽ፣ ሁለቴ ሰምታ መያዟን። እኔው የማስተምራትን ሒሳብም እንደማትሠራ። «ላክ» የሚለውን ከተጫንኩ በኋላ አፈርኩ። የማያውቁኝ ሰዎች ጉዴን ሊያነቡ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

መልስ መጥቷል። ኬንያዊት ናት፣ ግሬስ ትባላለች፣ እሷም የትንንሽ ልጆች መምህርት። ምክር አልሰጠችኝም። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ልጅቷ እቤቷ የምትናገረው ምንድነው? ስትቆጥር በምን ቋንቋ ነው የምትቆጥረው?

የመጀመሪያውን አውቃለሁ፤ መስቃንኛ፣ የዚህ አካባቢ ሰው አፍ። ሁለተኛውን አላውቅም። ስድስት ዓመት አስተምሬ አንድ ተማሪ በምን እንደሚቆጥር ጠይቄ አላውቅም። እኔ ራሴ ወልቂጤ ያደግኩ፣ እቤት የመስቃንኛ እህት የሆነውን ቸሃኛ እየተናገርኩ ት/ቤት አማርኛ የተማርኩ ነኝ። በምን ነበር የምቆጥረው? አላስታውስም።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

በእረፍት መስኮት ላይ ቆሜ አየኋት። አራት ሴት ልጆች ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ዘይነባ አትጫወትም፤ የአራቱንም ነጥብ የምትይዘው እሷ ናት። ያለ ወረቀት። ሲጣሉ ወደሷ ይዞራሉ፣ እሷ የተናገረችው ይጸናል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀረብኩ። በመስቃንኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ሙከራ። የት/ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ መፍቱሃን ለመንኳቸው፤ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። መጥረጊያቸውን አስደግፈው ቁጭ አሉ። ዘይነባን አጠገባቸው። ጥያቄውን በአማርኛ አነበብኩ። በአርባ አምስት እና በአሥራ ስምንት መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ዘይነባ ዝም።

እትዬ መፍቱሃ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ «ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። እሺ ብለው ወደ ልጅቷ ዞሩና በራሳቸው መንገድ ነገሯት። ቁጥሮቹን ትተው በርበሬ አደረጉት። አርባ አምስት ዛላ ነበረኝ፣ አሥራ ስምንቱን ጎረቤት ወሰደች። ተናግረው ሳይጨርሱ ልጅቷ መለሰች። እትዬ መፍቱሃ ተረጎሙልኝ፤ ሃያ ሰባት። ሌላ ሰጠኋት። ሌላ። ሦስቱንም።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ትያለሽ? እትዬ መፍቱሃ ጠየቁልኝ፣ መልሱን ሰምተው መሳቅ ጀመሩ። ልዩነት ማለት ጠብ መስሏት ነው። ቁጥሮቹ ተጣልተዋል ተባልኩ፣ ለምን እንደተጣሉ ግን ማንም አልነገረኝም ብላለች።

እኔም ሳቅኩ። መምህራን ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሳቁ ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጣሉ ቁጥሮች ስታይ ከርማለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ለግሬስ ነገርኳት። የቁጥር መስመር መሬት ላይ አሥምሪ፣ በቋንቋቸው እየቆጠሩ ይዝለሉበት፣ ከዚያ የቁጥሩን የአማርኛ ስም አጠገቡ አስቀምጪ ብላ ሥዕል ላከችልኝ። ስለ ንባቡም፤ ልጅቷ አፏ ላይ ባለው ቃል ጀምሪ።

በመስቃንኛ የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አንድ ሰዓት ተኩል። ያገኘሁት የውጭ አገር ሰዎች ያጠኑት አንድ ጽሑፍ ነው፣ በላቲን ፊደል፣ ላዩ ላይ ኮፍያ ታቹ ላይ ነጥብ ባለው። የልጆቹን ቋንቋ ልጆቹ ሊያነቡት በማይችሉት ፊደል። ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚሆን አንድ መስመር የለም። ዓለም ሁሉ ያለበት ነገር ላይ ይህን ማጣት ይገርማል።

እንግዲያው እኛው እንጽፋለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

በረንዳው ላይ በጠመኔ ከዜሮ እስከ መቶ። አሥራ ዘጠኙ ከትምህርት በኋላ ይቀራሉ። ይዘላሉ። በሁለት ቋንቋ ይጮሃሉ። እትዬ መፍቱሃ መስመሩን ላለማጥፋት የበረንዳውን ዳር ዳር ብቻ ይጠርጋሉ።

ለንባቡ ካርቶን ቆርጬ ቃላት ጻፍኩ። በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆኑትን አስቀደምኩ። «ቤት» በአማርኛም ቤት ነው፣ በእነሱም ቤት ነው፣ በእኔም እናት አፍ ቤት ነው። ዘይነባ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። «ቤ» አለች። ቆየች። «ት»። ከዚያ ገጠመላትና ቀና ብላ ወደ በሩ፣ ወደ ውጭ፣ አየች።

ከዚያ የራሳቸውን ቃላት። አንድ ድምፅ ላይ ተቸገርን። ፊደል አጣንለት። ድምፁ እኔም ቋንቋ ውስጥ አለ፣ እምድብር ያለችው እናቴ በቀን መቶ ጊዜ ትለዋለች፤ ፊደል እንደሌለው ልብ ብዬ አላውቅም። ልጆቹ ተከራከሩ። በመጨረሻ «ከ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይሁን ተባለ። ድምፅ ተሰጥቶበት አለፈ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22

የዘይነባ አባት መጡ። አቶ ሸምሱ። የበርበሬ ነጋዴ፤ እንሴኖ ሱቅ አላቸው። አሰላሙ አለይኩም ብለው ቆሙ፣ ወንበር አልፈለጉም።

«መምህርት፣ ልጄን ምን እያስተማርሻት ነው?»

ማንበብ አልኳቸው።

«በመስቃንኛ ነው አሉኝ።»

መጀመሪያ በሱ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«መስቃንኛ እቤት ሞልቶናል። እኔ እዚህ የላክኋት የሌላትን እንድታገኝ ነው። አማርኛው ስለሚከብደኝ ስንት ቢሮ በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። እሷም እንደኔ በር ላይ ትቁም?»

ደብተሬ፣ ሰውዬው ልክ ናቸው። እኔስ? እኔም ልክ የሆንኩ ይመስለኛል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28

ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ግሬስን መጠየቅ አልችልም። በራሴ ጭንቅላት ነው የምሄደው።

ዛሬ የወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት ሱፐርቫይዘር ሳይነግረን መጣ። ካርቶኖቹን አነሳ። አገላበጠ። ሁለት ነጥብ ያለበት «ከ» ላይ ቆየ። ይህ ፊደል ከየትኛው መጽሐፍ ነው አለኝ። ልጆቹ ናቸው የፈጠሩት አልኩት። ጻፈ። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ፣ ከትምህርት ቋንቋ ውጪ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲወጣ ለልጆቹ በርቱ ብሏል። ግን ጽፏል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ዘይነባ አልመጣችም። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አልመጣችም። እትዬ መፍቱሃ አጣርተው ነገሩኝ፤ አባቷ እንሴኖ ወስደዋታል፣ ሱቅ ትቀመጣለች። ወደ ሁለተኛ ክፍል ከምትወርድ ሥራ ትልመድ ብለዋል አሉ።

ሰኔ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ይሞላታል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

እንሴኖ። በሚኒባስ፣ ሁለት ፍየልና አንድ የተኛ ሕፃን ይዘን። ምን እንደምላቸው መንገዱን ሙሉ አዘጋጀሁ፣ ስወርድ ሁሉም ጠፋኝ።

ገበያ ቀን ነው። ሱቁን ያገኘሁት በጠረኑ ነው፤ ከሩቅ ያስነጥሳል። አቶ ሸምሱ ሚዛን ላይ ናቸው። ዘይነባ ከኋላ። ስታየኝ ተነሳች፣ ከዚያ አባቷን አይታ ተቀመጠች።

ግድግዳውን ተደግፈው ጆንያዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ የተለጠፈ የካርቶን ቁራጭ። ሁለት ሁለት መስመር። የታችኛው አማርኛ ነው፤ ዘር በርበሬ፣ ዛላ፣ ደቃቅ። ላዩ ላይ ያለው በራሳቸው ቋንቋ፣ በዘይነባ እጅ ጽሕፈት። ሁለት ነጥብ ያለበት «ከ» ሦስት ቦታ አለ።

አቶ ሸምሱ ዓይኔን ተከትለው አዩ። ሰው እስኪቀንስ ጠበቁ።

«ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። እሱ ማንበብ ያውቃል። ይሄን አየና ቆሞ ቀረ። የላዩን አነበበልኝ። የኛን አፍ ነው ያነበበው፤ እናቴ በምትለው አባባል። መምህርት፣ እኔ የኛ ቃል ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። የሚጻፍም አልመሰለኝም።»

የታችኛውን አማርኛ ማን ነገራት? ራሷ ናት የያዘችው። ደንበኞች ሲጠሩት እየሰማች።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህች ልጅ ሁለቴ ሰምታ ገጽ የምትይዝ ልጅ ናት። ጆንያዎቹንም በቦታቸው ይዛቸው ቢሆንስ? ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀት ቀደድኩና አይታው የማታውቀውን ቃል ጻፍኩ። «ሚዛን»።

ተንተባተበች። «ማ» አለች። ራሷን ነቀነቀች። «ሚ»። ጣቷን ፊደሉ ሥር አስኬደች። ደንበኛ መጥቶ አቶ ሸምሱን ጠራ፣ አልሰሙትም። «ሚ… ዛ… ን»። ከዚያ ዞራ ሚዛኑን አየችው።

ደስ ያለኝ መንተባተቧ ነው። በቃል የተያዘ ነገር አያንተባትብም።

አቶ ሸምሱ ሰኞ ትመጣለች አሉ። ሚኒባስ እስክሳፈርም አብረውኝ ቆሙ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 13። ከቀኑ 9፡30

ጋሽ ታደሰ ጠሩኝ። ከሱፐርቫይዘሩ ደብዳቤ መጥቷል፣ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ። መውጫውን እሳቸው አዘጋጅተውልኛል፤ ስለ አሠራሩ በቂ ግንዛቤ ስላልነበረኝ ነው፣ ለወደፊት አይደገምም፣ ፊርማ። ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል አሉ። ለኔ ብለው ነው።

እያሰብኩበት ነው አልኳቸው። ከዚያ ሳላስበው የተጣሉትን ቁጥሮች ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ። አልሳቁም። ልጅ ሆነው እዚህ ሲመደቡ ተማሪዎቻቸው ገባችሁ ወይ ሲሏቸው ሁልጊዜ አዎ ይሉ እንደነበር ነገሩኝ። ታዛዥ ልጆች ናቸው እል ነበር አሉ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

ጻፍኩ። ይቅርታውን አይደለም። ያደረግኩትን፣ በቅደም ተከተል። ከጥቅምት እስከ አሁን በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ የያዝኩትን አባሪ አደረግኩ፤ የተሻሻሉትንም ያልተሻሻሉትንም። ጋሽ ታደሰ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መሸኛውን ፈረሙ። ዋጋ ታስከፍልሻለች ይቺ አሉኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 22

ማስጠንቀቂያ። አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያለበት፣ ከግል ማኅደሬ ጋር ተያይዟል። በመደበኛው ክ/ጊዜ የመማሪያ መጽሐፉ ብቻ። ከትምህርት በኋላ ስለሚደረገው ግን ምንም አይልም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምንም አይልም። ረስቶት ይሁን፣ ሆን ብሎ ይሁን፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዛሬም በረንዳው ላይ ዘለሉ። ጋሽ ታደሰ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አዩ። ሲሄዱ ሰባት በመስቃንኛ ምን እንደሚባል እትዬ መፍቱሃን ሲጠይቁ ሰማኋቸው።

ሰኞ፣ ጥር 9

ዝርዝሩን አቀረብኩ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ ሦስቱ አራተኛ ክፍል ይቀራሉ። ዘይነባ ከነሱ ናት። ሒሳቡን በደንብ አልፋለች። አማርኛውን ወድቃለች፣ በትንሽ፤ ግን ጥያቄዎቹን ራሷ አንብባ ነው የወደቀችው።

ስድስቱ ይወርዳሉ። ዛሬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንደኛው፣ ከሁሉ ረጅሙ፣ ከትንንሾቹ ጋር የት ነው የምቀመጠው አለኝ። ከኋላ አልኩት። እግሬን የምዘረጋበት ቦታ አለ? አለ አልኩት። ሄጄ አላየሁም እኮ። ነገ ጠዋት አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ኔትወርክ ተመልሷል። የግሬስ ሦስት መልእክት ተጠራቅሞ። የመጨረሻው ላይ፣ ልጆቻችሁ የጻፏቸውን ቃላት ገጹ ላይ አስቀምጪልን፣ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ሲፈልግ ያገኛል ትላለች።

ሙክታር አማርኛ መጻፊያውን ከፈተልኝ። ካርቶኖቹን ደርድሬ መተየብ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ቃሉን እንዴት እንደሚጠሩት አላውቅም። ትርጉሙን አውቃለሁ፣ እትዬ መፍቱሃ ነግረውኛል። የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ ግን አላውቅም። ዘጠነኛውንም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን። ጮክ ብዬ ሞከርኩ፤ ሙክታር ከወዲያ ሳቀ። የእሱም አፍ ነው ለካ። አርመኝ አልኩት። አረመኝ። መልሼ ተሳሳትኩ።

መናኸሪያው በር ላይ አቶ ሸምሱን አገኘሁ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ለመሄድ ዞረው ተመለሱ። ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቱ ጆንያው ላይ የምትለጥፈውን ነገር ትልቅ ሰውም ሊማረው ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ለሌላ ሰው የጠየቁ እንዳይመስለኝ ይሁን እንጃ፣ «እኔ» አሉ።

ይችላል አልኩ። ከዚያ እኔም ለመንኳቸው፤ ቋንቋውን እንዲያስተምሩኝ። የምርሽን ነው ወይ ብለው አዩኝ። የምሬን ነው።

ተስማምተናል። በየቅዳሜው ከአራት ሰዓት ጀምሮ፣ እንሴኖ፣ ሱቁ ውስጥ። ሁለት ደብተር ገዝቻለሁ። ማን ማንን አስቀድሞ እንደሚያስተምር ግን አልተነጋገርንም።